ከትልቁ እድር ወደ ትንሹ፦ የካዛንቺስ እድርተኞች መበተንና የጋራ ንብረት ጥያቄ

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል የራቀ፣ ለአብዛኞቻችን ቤት ግን የቀረበ ነው። ስለ እድር እናገራለሁ። በተለይም ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያዋጡበትን፣ አባላቱ እየሳሱ የሄዱበትን ትልቅ የሰፈር እድር ትተው፣ በሄዱበት አዲስ መንደር ትንሽ እድር ስለሚያቋቁሙበት ሁኔታ መናገር እፈልጋለሁ። ሲወጡ ምን ይዘው ይወጣሉ? ምንስ ጥለው ይሄዳሉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ያዋጣች አንዲት አሮጊት በማን ትከሻ ትቀበራለች የሚለውን የሚወስን ጥያቄ ነው።

ቦታው ካዛንቺስ ነው። ተወልጄ ያደግሁባት ሰፈር ስለሆነች ፍጹም ገለልተኛ ነኝ አልልም። ስሟ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ላስታውስ። ኢጣልያውያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን የመንግሥታቸውን ሠራተኞች የሚያስተናግዱ ቤቶች ሠሩ። ይህን ሥራ የሚመራው የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ተቋም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። በጣልያንኛ «ካዛ» ቤት ነው፤ ሲበዛ «ካዜ» ይሆናል። ሁለቱ ቃላት በአገሬው አፍ ተዋሕደው ካዛንቺስ ሆኑ። ባለቤቶቹ አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ፣ ስሙ ግን ቀረ። ስለዚህ የሰፈሩ ነዋሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሌላ ሰው ቤት ስም ሲጠራ ኖሯል። ይህን የምለው ለጨዋታ ያህል ነው፤ ሆኖም ወደ ኋላ ስለ ባለቤትነት ስናነሣ አይጠፋንም።

ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ ያደገው በዙሪያው በተተከሉት ትልልቅ ተቋማት ምክንያት ነው። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ተሠራ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ትልልቅ ተቋማት ባሉበት ዘበኛ፣ ወጥ ቤት፣ ሹፌር፣ ልብስ አጣቢ፣ ቸርቻሪ፣ ጠላና ጠጅ ሻጭ ይኖራል። ከዋናው መንገድ ጀርባ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ቆሙ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ፣ ቋንቋውም ሃይማኖቱም የተለያየ ሰው ተጠጋግቶ ኖረ። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ማን ያነሣዋል? እድር የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር።

የእድር አጀማመር በተመራማሪዎች ዘንድ አከራካሪ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በአውሮፓውያኑ 1958 ስለ ኢትዮጵያ የመረዳጃ ልማዶች በጻፉት ጽሑፍ ጉዳዩን ቀደም ብለው አንሥተውታል። ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ አሉላ ፓንክረስትና ዳምን ኃይለ ማርያም ታሪኩን ከጤና ጥናት ጋር አያይዘው መረመሩት። አንዳንዶች ሥሩን ወደ ገጠር ልማድ ይወስዱታል፤ ሌሎች ደግሞ፣ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፣ በተለይ ከጉራጌ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች የጀመሩት የከተማ ፈጠራ ነው ይላሉ። ከጠላት ወረራ በኋላ በስፋት መዛመቱ ላይ ግን ብዙ ልዩነት የለም።

ለእኔ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ እድር ራሱ የተወለደው ከመለየት ነው። ወደ ከተማ የመጣው ሰው በአገሩ ሰፊ የዘመድ ማኅበር ነበረው፤ ያ ማኅበር ግን ሩቅ ሆነ። በሞት ጊዜ ሊደርስለት አልቻለም። ስለዚህ በቅርቡ ካሉት ጥቂት ሰዎች ጋር ትንሽ ማኅበር መሠረተ። ዛሬ ትልቁን የካዛንቺስ እድር ትቶ በከተማዋ ዳር ከሠላሳ ቤተሰብ ጋር እድር የሚያቋቁም ሰው አያቱ የሠራውን ሥራ ይደግማል። «እድር እየፈረሰ ነው» ተብሎ ሲለቀስ ስሰማ ይህን አስባለሁ። በከፊል ፈረሰ፣ በከፊልም እንደገና ተጀመረ ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ያለዚያ የመለያየቱ ክብደት አይገባንም። የሰፈር እድር ወሰን በካርታ አልተሠመረም። ወሰኑን የሚያበጀው ጥሩንባ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ በየመንገዱ እየዞረ የሟቹን ቤትና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ድምፁ የሚደርስበት ቤት የእድሩ ቤት ነው። ድንኳኑን ተሸክሞ የሚያደርሰው ወጣት፣ ወንበሩንና አግዳሚውን የሚደረድረው፣ ድስቱን የሚያወጣው የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ንፍሮ የሚቀቅሉትና እንጀራ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ሁሉ በእግር የሚመጡ ናቸው። ዳኛው ወይም ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በወር አንድ እሑድ ተሰብስበው መዋጮ ይቀበላሉ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። መቀጫው ገንዘብ ለመሰብሰብ የታሰበ አይመስለኝም። አካል እንዲገኝ የሚያስገድድ ነው፤ ምክንያቱም እድር ከሚሰጠው ገንዘብ ይበልጥ የሚሰጠው ሰው ነው።

መንግሥታት ይህን ኃይል አይተው ሊጠቀሙበት ሞክረዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ፣ ማኅበራት እንዲመዘገቡ ሕግ ወጣ፤ ማዘጋጃ ቤቱም እድሮችን በመንገድና በመሳሰለው የሰፈር ልማት ማሳተፍ ጀመረ። ያ ጊዜ እድር ከቀብር ወጥቶ የሰፈር መስተዳድር ለመሆን የተቃረበበት ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ቤቶቹን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም፣ ማለት ቀበሌን፣ አቋቋመ። ቀበሌ የሰፈሩን ጉዳይ ወሰደ። እድር ወደ ቀብሩ ተመለሰ። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ሲመጣ ነው እንደገና «የልማት አጋር» ተብሎ የተጠራው።

ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 47 ለእድር አንድ ያልታሰበ ውለታ ውሎለታል። የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበረ ተከራዩ ከቤቱ አልተነቃነቀም። አንድ ቤተሰብ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ትውልድ ኖረ። እድርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ የማይሄድ ሰው። የካዛንቺስ ትልልቅ እድሮች አዳራሽ እስከ መሥራት፣ ድንኳንና ዕቃ እያከራዩ ገቢ እስከ ማግኘት የደረሱት በዚህ መርጋት ላይ ቆመው ነው። የመተዳደሪያ ደንቦቻቸውም ሰው አይሄድም በሚል ግምት ተጻፉ።

ከእነዚያ ደንቦች ውስጥ ሁለት አንቀጾችን ላንሣ፤ በአብዛኞቹ የሰፈር እድሮች ዘንድ በተለያየ ቃል ይገኛሉ። አንደኛው አዲስ አባል ሲገባ እድሩ እስካሁን ባፈራው ንብረት ልክ የመግቢያ ገንዘብ ይክፈል ይላል። ድንኳኑንም ድስቱንም ሌሎች ከፍለው ስለገዙት ተገቢ ነው። ሁለተኛው ከእድሩ የሚለቅ አባል ያዋጣው ገንዘብ አይመለስለትም ይላል። ይህም በጊዜው ተገቢ ነበር። የተጣላ ሁሉ ድርሻዬን ስጡኝ ቢል እድሩ አንድ ዓመት አይቆምም። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ስናነብባቸው ግን መግቢያው በር ዋጋ አለው፣ መውጫው በር ዋጋ የለውም። የሚሄድ ሰው በማይኖርበት ሰፈር ይህ ማንንም አልጎዳም።

መሄድ የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። የካዛንቺስ ከፊል ቦታ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። በዚያው ዐሥርት ዓመት አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደግሞ እጣ የወጣላቸውን እየነቀለ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ወሰደ። ይህ ግን አንድ በአንድ የሆነ መሄድ ነበር። እድሩ አላወቀውም ማለት ይቻላል። የሄዱትም አልለቀቁም፤ በወሩ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው ይከፍሉ ነበር። እናቴ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ለምን እንደምትደክም ስጠይቃት፣ ገንዘቡን በሰው መላክ እንደምትችል፣ እርሷን ግን በሰው መላክ እንደማትችል ነገረችኝ። ለሌላው ለቅሶ ካልደረሰች ለእርሷ የሚደርስ እንደሌለ በሚገባ ታውቅ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ ሰፊው የሰፈሩ ክፍል በሳምንታት ውስጥ ተነሣ። ብዙ ነዋሪ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ ሌላውም በየአቅጣጫው ተበተነ። በአንድ ጊዜ ጥሩንባ ነፊውም፣ ጥሩንባውን የሚሰማውም፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ደጅም ከቦታቸው ሄዱ። የአዝማሪ ቤቶቹ መነሣት በጋዜጣ ብዙ ተጽፎበታል፤ የእድር ቤቶቹ መነሣት ግን ብዙም አልተጻፈበትም። የከተማ ልማቱ አስፈላጊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር የዛሬው ርእሴ አይደለም። የእኔ ጉዳይ ከዚያ በኋላ በእድርተኛው ፊት የቆመው ምርጫ ነው።

ምርጫው በአጭሩ ይህ ነው። ወይ የካዛንቺሱን እድር አባልነት ይዞ በስልክ መልእክት መርዶ እየሰሙ ከከተማዋ ጫፍ ወደ ጫፍ መመላለስ ነው፤ ወይ በአዲሱ መንደር በትንሽ እድር እንደገና መጀመር ነው። ብዙ ሰው ለጊዜው በሁለቱም ይቆያል፤ ሁለት መዋጮም ይከፍላል። ጡረተኛ ግን ሁለት መዋጮ እስከ መቼ ይከፍላል?

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በአውሮፓውያኑ 1970 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ፣ አንድ ድርጅት ሲዳከም አባላቱ ያላቸው መንገድ ወይ መውጣት ወይ ድምፅ ማሰማት መሆኑን፣ በሁለቱ መካከልም ታማኝነት የሚባል ነገር እንደሚገባ ጽፏል። ሐሳቡ የመጣለት የናይጄሪያን የምድር ባቡር ሲያጠና ነው። ባቡሩ በከባድ መኪና ሲሸነፍ እንደሚጠበቀው አልተሻሻለም። ምክንያቱም አብዝተው ሊያማርሩ የሚችሉት ደንበኞች አስቀድመው ጥለውት ሄደዋል። ይህ ለእጣው ዘመን ካዛንቺስ በደንብ ይሠራል። ቀድመው የሄዱት ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ የቻሉት፣ በስብሰባ ላይ ሒሳብ ይመርመር ብለው ሊሟገቱ የሚችሉት ነበሩ። ለ2017ቱ ግን አይሠራም። እድሩ ስላስከፋው የወጣ ሰው የለም። የወጣው እድሩ የቆመበት መሬት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አቋሜ ይህ ነው፦ «የለቀቀ አይመለስለትም» የሚለው አንቀጽ የተጻፈው በፈቃዱ ለሚለቅ ሰው ነው፤ ሳይፈቅድ ለተነሣ ሰው ሊሠራ አይገባውም። ሕግ በዚህ ላይ አይረዳንም። አዋጅ ቁጥር 621/2001ም ሆነ እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነት ወሰናቸው ውጭ አድርገዋል። ነጻነቱ መልካም ነው። ነገር ግን ትልቁ እድር ገንዘቡን በባንክ ይዞ፣ ንብረቱን በግምጃ ቤት ቆልፎ፣ በቀሩት ጥቂት ሰዎች ውሳኔ ብቻ ሲመራ፣ ለተበተኑት የሚሟገት አካል አይኖርም። ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል ይላል፤ ጉባኤው የሚጠራበት ሰፈር ግን የለም።

ይህን ስል «እንግዲያውስ ንብረቱ በአባላት ቁጥር ተካፍሎ ይለቅ» የሚሉ አሉ። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ እኔ ግን እፈራዋለሁ። ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ፤ አኀዙ ለማስረዳት ያህል የተሰጠ ነው። አንድ እድር 300 አባወራ አለው እንበል። እያንዳንዱ በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 180,000 ብር ይሆናል። በዓመት 12 ሞት ቢደርስና ለእያንዳንዱ 10,000 ብር ቢሰጥ 120,000 ይወጣል፤ የተረፈው ለድንኳንና ለዕቃ ይሆናል። አሁን ከእነዚህ 40 አባወራዎች ተለይተው ትንሽ እድር አቋቋሙ። በዚያው መዋጮ የዓመት ገቢያቸው 24,000 ብር ነው። ሁለት ሞት ይችላሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ካዝናው ባዶ ነው። የሞት አማካይ በትልቁም በትንሹም አንድ ነው፤ ትንሹ እድር ግን አንድ ክፉ ዓመት ይጥለዋል። አባላቱ አብረው ያረጁ ጎረቤቶች ከሆኑ ደግሞ ክፉው ዓመት ሩቅ አይሆንም። ጥሬ ገንዘብ ለየግለሰቡ ማከፋፈል ማለት እንግዲህ የጋራውን ዋስትና አቅልጦ ለአንድ ሳምንት አስቤዛ ማድረግ ነው።

የተሻለው መንገድ ንብረቱን ከሰው ጋር ማስኬድ ይመስለኛል። ሃምሳ ቤተሰብ ወደ አንድ መንደር ከሄደ አንድ ድንኳን፣ ተመጣጣኝ ወንበርና ድስት፣ ከተቀማጩም በልካቸው አብሮ ይሂድ፤ አዲሱም እድር ያለፈውን መዋጮአቸውን እንደ መግቢያ ይቁጠርላቸው። ሞት እስኪበዛ ድረስም ትንንሾቹ እድሮች ለክፉ ቀን የጋራ ተቀማጭ ይኑራቸው። ይህ ለእድር እንግዳ አሳብ አይደለም፤ በከተማችን የእድሮች ኅብረት የሚባል አደረጃጀት ከታወቀ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ትንሹን እድር በገንዘብ ብቻ እንዳልመዘንሁት ልጨምር። ገንዘቡ ሲያንስ ሥራው ይበዛል። በአርባ ቤተሰብ እድር ውስጥ ከለቅሶ ቤት የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ መቀጫም አያስፈልገውም። በትልቁ እድር ውስጥ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ከመበተኑ በፊትም ገንዘቡን ልኮ ፊቱን የማያሳይ አባል በዝቶ ነበር። ብዙ ሰው ስለ ትልቁ እድር የሚናፍቀው የድሮውን ነው እንጂ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ዓመታት አይደለም። የሴቶች እድሮች በዚህ ረገድ ከወንዶቹ ቀድመው የቆሙ ይመስለኛል፤ መጀመሪያውኑም ካፒታላቸው ጉልበትና ዕቃ ስለነበረ፣ ማጀቱ ባለበት ሁሉ ሊጀመሩ ይችላሉ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት በአውሮፓውያኑ 1957 ባሳተሙት ጥናት ከምሥራቅ ለንደን አሮጌ ሰፈር ወደ ከተማ ዳር የተዛወሩ ሠራተኞችን ተከታትለዋል። ቤቱ ተሻለ፣ ውሃውም ገባ፤ ነገር ግን ሰዉ በሩን ዘጋ፤ በአሮጌው ሰፈር በየቀኑ የምትጎበኝ እናት ሩቅ ሆነች። የካዛንቺስ የሰፈር እድር ትልቁ ሀብቱ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፣ ጉራጌውንና ኦሮሞውን፣ አማራውንና ትግሬውን በአንድ ድንኳን ሥር ማስቀመጡ ነበር። ይህን ያደረገው በበጎ ፈቃድ ብቻ አይመስለኝም፤ ጥሩንባ ቤት ስለማይመርጥ ነው። አዲስ ትንሽ እድር ሲመሠረት ግን ሰው ይመረጣል። ሰው ሲመርጥ ደግሞ የሚመስለውን ይመርጣል። በአዲሶቹ መንደሮች የሚቋቋሙት እድሮች በሕንፃና በመንገድ ተከፍለው ቢቋቋሙ የጥሩንባውን ሥርዓት ይወርሳሉ፤ በትውልድ ቦታና በሃይማኖት ቢቋቋሙ ከካዛንቺስ የተለየ ከተማ ይሠራሉ። የትኛው እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ የመስክ ጥናት ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ሥራው እነሆ።

እንደ ታሪክ ሰው አንድ ነገር ጠይቄ ላብቃ። እድር ሲፈርስ ድንኳኑ ይሸጣል፣ ወንበሩ ይከፋፈላል፤ መዝገቡን ግን የሚፈልገው የለም። መዝገቡ ውስጥ የአባላት ስም፣ የገቡበት ቀን፣ የሞቱበት ቀን፣ ለቤተሰባቸው የተሰጠው ገንዘብ፣ በክርክር የተወሰነው ውሳኔ በጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል። በመንግሥት መዛግብት ውስጥ ዘበኛውና ጠላ ሻጯ የሚገኙት ሲከሰሱ ወይም ሲገብሩ ነው፤ በእድር መዝገብ ግን በክብር ሞተው ይገኛሉ። እንግዲህ ወላጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ የእድር ጸሐፊ የነበሩ ካሉ፣ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቁ፤ ዋናውን ሳትወስዱ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡት፤ የመጀመሪያውን ገጽና ደንቡ የተጻፈበትን ገጽ አትርሱ፤ ጸሐፊው በሕይወት ካለ ምሕጻረ ቃሎቹን አስነብባችሁ ከጎኑ ጻፉ። የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ብትጀምሩ መልካም ነው፤ ብዙዎቹ መዝገቦች አሁን በላስቲክ ተጠቅልለው በአዳዲስ ቤቶች በረንዳ ላይ ናቸው።